የጨዋታ ጥበብ ወደ ሲኒማ ሲሻገር

አንዱ ጥበብ ከሌላው ጥበብ እየተበደረ ማደጉ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ቴአትር ከተረት ወስዷል፤ ሲኒማም በተራው ከቴአትርና ከልብ ወለድ መጽሐፍ ተበድሮ ኖሯል። የተበደረው ሁሉ ሲሠራበት ውሎ ሲያድር የራሱን መልክ ስለ ያዘ፣ ሲኒማ ዛሬም የቴአትር ጥገኛ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው አይገኝም። ነገር ግን ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ ብዙ ጊዜ ያልሰመረ አንድ ብድር አለ። እርሱም ሲኒማ ከቪዲዮ ጨዋታ፣ በተለምዶ «ጌም» ከሚባለው፣ የወሰደው ብድር ነው።

ነገሩ ሊያስገርም የሚገባው ነው። ጨዋታዎቹ በሚሊዮን ለሚቆጠር ሕዝብ የተሸጡ ናቸው፤ ለፊልሞቹ የወጣውም ገንዘብ ብዙ ነው፤ ተመልካቹም ወደ ሲኒማ ቤት የሚሄደው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ወዶ ነው። ገንዘብ፣ ዝናና ፍቅር በአንድነት ከተገኙ ሥራው ሊያምር በተገባው ነበር። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ ጨዋታውን የሚያውቀውን አሳዝነው፣ የማያውቀውን ግራ አጋብተው አልፈዋል። ይህ ስለ ምን ሆነ?

ለዚህ ጥያቄ ዘወትር የሚሰጡት መልሶች ሦስት ናቸው። አንዳንዱ «የፊልም ነጋዴዎች ስግብግብነት ነው» ይላል፤ አንዳንዱ «ጨዋታዎቹ ቀድሞውንም ረብ ያለው ታሪክ የላቸውም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «በብዙ ቀን የሚያልቀውን ነገር በሁለት ሰዓት መጨረስ አይቻልም» ይላል። በሦስቱም ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ነገር ግን የነጋዴ እጅ ያልነካው ፊልም ከስንት አንድ ነው፤ ታሪክ ከሌለው ጨዋታም የተወደደ ፊልም ሲወጣ ታይቷል፤ ብዙ ገጽ ያለው መጽሐፍም በሁለት ሰዓት ተጨምቆ ሲያስደስት ኖሯል። ስለዚህ እውነተኛውን ምክንያት ለማግኘት የሁለቱን ጥበቦች ግንኙነት ከሥሩ አንሥቶ መመርመር ያሻል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ብድሩ እንዴት እንደ ተጀመረ

አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1972 «ፖንግ» የሚባለውን ጨዋታ ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ፣ በመስኮቱ ላይ የሚታየው ሁለት ነጫጭ መስመርና አንዲት ነጥብ ብቻ ነበር። መስመሮቹ እነማን እንደ ሆኑ፣ ከየት እንደ መጡ፣ ስለ ምን እንደሚፎካከሩ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ነጥቢቱ እንዳታመልጠው የሚጣጣረው ተጫዋች የታሪኩ ባለቤት ራሱ ነበርና ሌላ ባለታሪክ አላስፈለገውም።

ጨዋታ ከሲኒማ ልብስ መዋሱ ጎልቶ የታየው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። በ1981 ሺገሩ ሚያሞቶ የተባለ ወጣት የጃፓን ሠዓሊ፣ ኒንቴንዶ ለሚባለው ኩባንያ «ዶንኪ ኮንግ» የሚባል ጨዋታ አዘጋጀ። አንድ ትልቅ ጎሪላ አንዲት ሴት ጠልፎ በብረት በተዋቀረ ሕንፃ ላይ ይወጣል፤ አንድ ትንሽ አናጢም የሚንከባለሉበትን በርሜሎች እየዘለለ ሊያድናት ይከተለዋል። ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ኪንግ ኮንግ» የተባለውን ፊልም ማስታወሱ አልቀረም። ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ኩባንያም «ንብረቴ ተወሰደ» ሲል በ1982 ኒንቴንዶን ከሰሰ። ሆኖም ይኸው ኩባንያ ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ክርክር ላይ ቆሞ፣ የኪንግ ኮንግ ታሪክ የማንም የግል ንብረት እንዳልሆነ ራሱ ተከራክሮ ነበርና በክሱ ተረታ። ያ ትንሽ አናጢ በኋላ ማሪዮ ተባለ፤ ሥራውም ተለውጦ የቧንቧ ሠራተኛ ሆነ፤ በ1985 በወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» በተባለው ጨዋታም በዓለም ዙሪያ ታወቀ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ብዙ ጨዋታዎች በዚሁ መንገድ ሄዱ። በ1996 በእንግሊዝ አገር የተሠራው «ቱም ሬይደር» መቃብር ለመቃብር ጥንታዊ ዕቃ የምትፈልግ ጀግና ሲያቀርብ፣ «ኢንዲያና ጆንስ» የተባሉትን ፊልሞች ያስታውሳል። በዚያው ዓመት በጃፓን የወጣው «ሬዚደንት ኢቪል» ደግሞ ሙታን ተነሥተው ሰው የሚያሳድዱበት ጨዋታ ሲሆን፣ ጆርጅ ሮሜሮ በ1968 ካዘጋጀው ዝነኛ ፊልም የተማረው ብዙ ነው። እንግዲህ ሲኒማ ከጨዋታ ሊወስድ በተነሣ ጊዜ የሚያገኘው ልብስ ቀድሞ የራሱ የነበረውን ነው። ጨዋታ ከራሱ የጨመረው ነገር ግን ከልብሱ ላይ አይገኝም።

ያ የተጨመረው ነገር ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ሰፈሮች በሚገኙት የፕሌይስቴሽን ቤቶች የሚጫወቱትን ልጆች አነጋገር ማዳመጥ ይበቃል። ልጁ በመስኮቱ ላይ ያለው ሰው ከገደል ሲወድቅ «ሞትኩ» ይላል እንጂ «ሞተ» አይልም። ጠላቱን ሲያሸንፍ «አሸነፍኩ»፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ሲሸጋገር «አለፍኩ» ይላል። ያው ልጅ ማታ በቤቱ ፊልም ተመልክቶ በማግሥቱ ለጓደኛው ሲያወራ ግን «ሰውዬው ከገደል ወደቀና ሞተ» ነው የሚለው። የአማርኛ ግስ የድርጊቱን ባለቤት በመድረሻው ይነግረናልና፣ በ«ሞትኩ»ና በ«ሞተ» መካከል ያለው ልዩነት የሁለቱን ጥበቦች ልዩነት በሙሉ የያዘ ነው። ጨዋታ የሚነገረው በመጀመሪያ መደብ ነው፤ ሲኒማ የሚነገረው በሦስተኛ መደብ ነው።

በእርግጥ የሲኒማ ተመልካችም ከባለታሪኩ ጋር ያለቅሳል፤ ይሥቃል፤ ይፈራል። ዳሩ ግን ባለታሪኩ ባጠፋው ጥፋት ያዝናል እንጂ አይጸጸትም፤ ባለታሪኩ ባገኘው ድል ይደሰታል እንጂ «ደክሜበታለሁ» አይልም። ተጫዋቹ ግን ስለ ወደቀ የሚጸጸተው እርሱ ነው፤ ሃያ ጊዜ ወድቆ በሃያ አንደኛው ሲያልፍም የላቡን ዋጋ ያገኘው እርሱ ነው። ሮጀር ኢበርት የተባለው ዝነኛ አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ በ2005 ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ፣ ጨዋታ ምርጫውን ለተጫዋቹ ስለሚተው፣ ሥልጣን ሁሉ በደራሲው እጅ ከሆነበት ከሥነ ጽሑፍና ከሲኒማ ማዕርግ ሊደርስ አይችልም የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የጨዋታ ወዳጆች በዚህ አነጋገር እጅግ ተቈጡ። የማዕርጉን ነገር ለጊዜው ትተን ብንመለከተው ግን ሐያሲው ልዩነቱን አልሳተውም። የፊልም ደራሲ ድርጊቱን ይወስናል፤ የጨዋታ ደራሲ ግን ድርጊቱ የሚፈጸምበትን ስፍራ አሰናድቶ፣ ፍጻሜውን ለሌላ ሰው እጅ ያስረክባል።

የመጀመሪያው ሙከራና ውጤቱ

በጃፓን አገር በ1986 ስለ ማሪዮ የሚናገር የካርቱን ፊልም ወጥቶ ነበር። ሆሊውድ በእውነተኛ ተዋንያን ጨዋታን ወደ ፊልም ለመለወጥ ያደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ግን በ1993 የወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ» ነው። ሥራውን ያስጀመረው ፕሮዲዩሰር ሮላንድ ጆፌ ተራ ሰው አልነበረም፤ «ዘ ኪሊንግ ፊልድስ» እና «ዘ ሚሽን» የተባሉትን የተከበሩ ፊልሞች ያዘጋጀ ሰው ነው። ኒንቴንዶም የፊልሙን አሠራር ለባለሙያዎቹ ፈቃድ ተወው። እንግዲህ ያልታወቁ ሰዎች ወይም ያልተፈቀደ ነገር ሥራውን አበላሸው ለማለት አይቻልም።

የፊልሙ ደራስያን መጀመሪያ የጠየቁት ጥያቄ «የማሪዮ ታሪክ ምንድን ነው?» የሚል ነበር። መልሱም አጭር ሆኖ አገኙት፤ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ የተጠለፈች ልዕልት ያድናል፤ ሌላ የለም። ይህን ባዶ ስፍራ ለመሙላት ሲሉ ዳይኖሰሮች ወደ ሌላ ዓለም ተሻግረው ሰው መሰል ፍጥረት እንደ ሆኑ፣ በዚያም ጨለማ የዋጠው ከተማ እንደ መሠረቱ የሚናገር ድርሰት ጻፉ። በኖርዝ ካሮላይና አገር በተተወ የሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ ያ ከተማ ታነጸ። ድርሰቱም ፊልሙ እየተነሣ ሳለ ደጋግሞ ይለወጥ ነበር። ፊልሙ ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በአሜሪካ ያስገባው ወደ 21 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ሆነ። ማሪዮን ሆኖ የተጫወተው ታላቁ እንግሊዛዊ ተዋናይ ቦብ ሆስኪንስ፣ በ2007 ከሠራው ሥራ ሁሉ የከፋው የትኛው እንደ ሆነ ሲጠየቅ ይህንኑ ፊልም ጠቅሷል።

አሁን ጥፋቱ የቱ ላይ ነው? የማሪዮን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ልዕልቲቱን አይደለም፤ መዝለሉን ነው። ትንሽ ቢዘገይ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ትንሽ ቢፈጥን ከጠላት ጋር ይጋጫል፤ ይወድቃል፤ ደግሞ ይነሣል፤ ስፍራውን እየተማረ እጁ ይፈታል። በፊልሙ ውስጥ ግን መዝለሉ እንኳ ልዩ ጫማ የሚሠራው ሥራ ሆኖ ቀረበ። ጨዋታው የሰውን ትጋት ያነጸበትን ስፍራ ፊልሙ በመሣሪያ ሞላው። ኒንቴንዶ ከዚያ በኋላ ማሪዮን ለሲኒማ ቤት ሳይሰጥ 30 ዓመት ቆየ።

በ1994 መጨረሻ የወጣው «ስትሪት ፋይተር» ከዚህ የተለየ ዕድል አልገጠመውም፤ ምንም እንኳ ገንዘብ ቢያተርፍ ሐያስያን ክፉኛ ነቀፉት። ጨዋታው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተፋጥጠው የሚታገሉበት ነው፤ ፊልሙ ግን የጦር ሠራዊት ዘመቻ ሆነና በጨዋታው የታወቁት ተጋዮች ሁሉ በየተራቸው ብቅ እያሉ የሚያልፉበት ሰልፍ መሰለ። ከሁሉም መካከል ዛሬ በፍቅር የሚነሣው ራውል ሁሊያ የተባለው የፖርቶ ሪኮ ተዋናይ ነው። በጠና ታሞ ሳለ፣ ልጆቹ ጨዋታውን ስለሚወዱ የክፉውን ጄኔራል ቦታ ይዞ ተጫወተ፤ ፊልሙ ሳይወጣም በጥቅምት ወር 1994 ዐረፈ። ሌሎቹ በተንቀሳቀሱበት ስፍራ እርሱ ሙሉ ነፍሱን ሰጥቶ ስለ ሠራ፣ ፊልሙን የሚነቅፉት እንኳ እርሱን ያመሰግናሉ።

በ1995 የወጣው «ሞርታል ኮምባት» ግን በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ለሦስት ሳምንት የአንደኝነትን ስፍራ ያዘ፤ በዓለም ዙሪያም ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ጥልቅ ድርሰት ስለ ነበረው አይደለም። ጨዋታው የግጥሚያ ውድድር ነበረ፤ ፊልሙም ያንኑ የግጥሚያ ውድድር አሳየ። የሁለት ሰዎች ግጥሚያ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በዙሪያው ተመልካች የሚቆምበት ነገር ነው። ከዚህ የምንረዳው ድርጊቱ በተፈጥሮው ለዓይን የሚበቃ ጨዋታ ወደ ሲኒማ ሲሻገር የሚጎድልበት ጥቂት መሆኑን ነው። ድርጊቱ በተጫዋቹ ብቸኝነት፣ በምርጫውና በጸጸቱ ላይ የቆመ ጨዋታ ግን ሲሻገር ብዙ ይጎድልበታል።

ስሙን ወስዶ ድርጊቱን መተው

በ2001 ሁለት ትላልቅ ፊልሞች ወጡ። አንደኛው አንጀሊና ጆሊ የተጫወተችበት «ቱም ሬይደር» ሲሆን፣ ከ270 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። በጨዋታው ውስጥ ግን ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ጭር ባለ መቃብር ውስጥ ብቻውን ነው፤ የሚዘልለውን ርቀት በዓይኑ ይለካል፤ የተዘጋውን በር የሚከፍተውን ብልሃት ይፈልጋል። ፊልሙ ያንን ዝምታ በተኩስና በጭውውት ሞላው።

ሁለተኛው «ፋይናል ፋንታሲ» ነው። ይህ ፊልም በተለይ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም አዘጋጁ ሂሮኖቡ ሳካጉቺ የጨዋታው ፈጣሪ ራሱ ነበር። «ባለቤቱ ቢሠራው ኖሮ ያምር ነበር» የሚለው አባባል በዚህ ተፈተነ። ፊልሙ 137 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣበት፤ ያስገባው ግን 85 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በሆኖሉሉ ከተማ ፊልሙን የሠራው ስቱዲዮም ተዘጋ። የሰውን ፊትና ጠጉር በኮምፒዩተር በመሣል ረገድ ለጊዜው የሚያስደንቅ ሥራ ነበረ፤ ነገር ግን ከጨዋታው የወሰደው ስሙንና ጥቂት ሐሳቦችን ነው እንጂ፣ ተጫዋቾቹ ለብዙ ሰዓት ከጓደኞቻቸው ጋር ዓለምን የዞሩበትን ጉዞ አልነበረም። እንግዲህ የፈጣሪው በቦታው መገኘት ብቻውን አይበቃም።

ከዚህ በኋላ የመጡትን ሁሉ መቁጠር አንባቢን ማድከም ይሆናል፤ ሦስቱን ብቻ ማንሣት ይበቃል። በ2005 የወጣው «ዱም» የጨዋታውን መንፈስ ለመመለስ ሲል፣ አምስት ደቂቃ ያህል ካሜራውን በባለታሪኩ ዓይን ቦታ አኑሮ ከጠመንጃው ጀርባ እንድንመለከት አደረገ። ሐሳቡ በጎ ነበር፤ ነገር ግን ዓይኑን ሰጥቶ እጁን ነሣን። ተመልካቹ ሌላ ሰው ሲጫወት ከትከሻው በላይ የሚያይና ተራው የማይደርሰው ልጅ ሆነ።

ሁለተኛው ምሳሌ በ2010 የወጣው «ፕሪንስ ኦፍ ፐርሺያ» ነው። ፊልሙ የተመሠረተበት የ2003 ጨዋታ ጊዜን ወደ ኋላ የምትመልስ ጩቤ አለችው። ተጫዋቹ ተሳስቶ ከገደል ሲወድቅ በጩቤዋ ኃይል ጥቂት ቅጽበት ወደ ኋላ ተመልሶ ጥፋቱን ያርማል። ታሪኩን የሚተርከውም ልዑሉ ራሱ ስለ ሆነ፣ ተጫዋቹ ፈጽሞ በሞተ ጊዜ «አይደለም፤ ነገሩ እንዲህ አልነበረም» ብሎ ትረካውን የሚያርም ድምፅ ይሰማል። ጩቤዋ፣ ትረካውና የተጫዋቹ ስሕተት በአንድ ላይ የተሸመኑ ነበሩ። ፊልሙ ጩቤዋን ወሰደ፤ የሚታረመው ስሕተት ግን የተመልካቹ ስላልሆነ፣ በጨዋታው ጸጸትን የምትፈውሰው ጩቤ በፊልሙ ጠላትና ወዳጅ የሚሻሙባት ውድ ዕቃ ብቻ ሆና ቀረች።

ሦስተኛው በ2016 የወጣው «አሳሲንስ ክሪድ» ነው። ጨዋታው የተወደደው ተጫዋቹን በጥንታዊ ከተሞች ጣራ ላይ እንደ ልቡ ስለሚያስሮጠው ነው። ፊልሙ ግን ከግማሽ የሚበልጠውን ጊዜ በዘመናዊ ሕንፃ ውስጥ በሚደረግ ንግግር አሳለፈ።

በዚህ ሁሉ መካከል ገንዘብና ቅሬታ አንድ ነገር እንዳልሆኑ መገንዘብ ይገባል። ከ2002 እስከ 2016 የወጡት ስድስቱ የ«ሬዚደንት ኢቪል» ፊልሞች በድምሩ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብተዋል። በጀርመን አገርም በዚያ ዘመን ለፊልም የዋለ ገንዘብ ከግብር እንዲቀነስ የሚፈቅድ ሕግ ስለ ነበረ፣ ሐያስያን ያልራሩላቸው ብዙ የጨዋታ ፊልሞች በዚያ ገንዘብ ተሠርተዋል። የታወቀ ስም ተመልካችን ለአንድ ቀን ሊጠራ ይችላል፤ ነጋዴውም በዚያች ቀን ሊከብር ይችላል። ወጣቱ ተመልካች ከሲኒማ ቤት ሲወጣ የሚሰማው ባዶነት ግን በትርፍና ኪሣራ መዝገብ ላይ አይጻፍም። በልጅነቱ በገዛ እጁ የሠራው ሥራ ተወስዶ የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ ሲያየው፣ የጎደለውን በስም ለመጥራት ባይችልም እንኳ መወሰዱ ይታወቀዋል።

ከሌሎች ጥበቦች ታሪክ የምናገኘው ማስረጃ

እንዲህ ያለው ችግር የመጀመሪያው አይደለም። በ1908 በፓሪስ ከተማ «የጊዝ መስፍን ግድያ» የተባለ ፊልም ሲሠራ፣ ታላላቅ የቴአትር ተዋንያን ተጫውተውበት፣ ሳን ሳንስ የተባለው ዕውቅ የሙዚቃ ደራሲ ዜማ ደርሶለት ነበር። ዓላማውም ሲኒማን ወደ ቴአትር ክብር ከፍ ማድረግ ነበረ። ነገር ግን በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ ካሜራው ከቴአትር ቤት ወንበር እንደማይነሣ ተመልካች በአንድ ቦታ ቆሞ ይቀር ነበር። ሲኒማ በእውነት ያደገው መድረኩን መቅዳት ትቶ፣ ካሜራውን ማንቀሳቀስን፣ ፊትን አቅርቦ ማሳየትን፣ ሥዕልን ከሥዕል ማያያዝን በደንብ ሲማር ነው።

በተቃራኒው ደግሞ መሻገሩ ሳይጎዳው የቀረ ሥራ በአገራችን እናውቃለን። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተተረከ ጊዜ፣ መጽሐፉን ያነበበውም ያላነበበውም በአንድነት አደመጠው። መጽሐፉ አስቀድሞም የሚተርክ ድምፅ ነበረው፤ ሬዲዮም ያንን ድምፅ አሰማ። አንባቢ የነበረው አድማጭ ሆነ እንጂ የግሱ መደብ አልተለወጠም። ከጨዋታ ወደ ሲኒማ በሚደረገው ጉዞ ግን «ሞትኩ» የነበረው «ሞተ» ይሆናል። ይህን ለውጥ ማስቀረት አይቻልም፤ የሚቻለው አውቆት፣ ስለ ጠፋው ነገር ሌላ ዋጋ ያለው ነገር መተካት ነው።

የቅርብ ዘመን ትምህርት

ከ2019 ወዲህ ነገሩ ቀስ በቀስ መለወጥ ጀመረ። በዚያ ዓመት የ«ሶኒክ» ፊልም ማስታወቂያ በወጣ ጊዜ የእንስሳው መልክ ከጨዋታው ስለ ራቀ ተመልካቾች በብርቱ ተቃወሙ፤ ኩባንያውም መልኩን ለመለወጥ ሲል ፊልሙን ወደ የካቲት 2020 አዘገየው፤ ፊልሙም ተወደደ። መልክን ማስተካከል ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ለጨዋታው ወዳጆች የሚጠነቀቅላቸው እንደ ተገኘ ያስረዳል። በ1993 ልጆች የነበሩት ተጫዋቾች በዚህ ጊዜ ጎልማሶች ሆነው ነበር፤ አንዳንዶቹም በፊልሙ ሥራ ውስጥ ገብተው ነበር።

ከሁሉ የላቀውን ትምህርት የሰጠው በ2013 በወጣ ጨዋታ ላይ ተመሥርቶ በ2023 የቀረበው «ዘ ላስት ኦቭ አስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ነው። የጨዋታው ደራሲ ኒል ድራክማን ከክሬግ ሜዚን ጋር ሆኖ አዘጋጀው። በጨዋታው ውስጥ ቢል የሚባል ብቸኛና ቁጡ ሰው አለ፤ ፍራንክ የተባለውን ባልንጀራውን የምናገኘው ግን ከሞተ በኋላ ነው። በዚያ ክፍል ተጫዋቹ የሚሠራው ወጥመድ ማለፍና ከጠላት ጋር መታገል ነው። የድራማው አዘጋጆች ይህ ትግል ወደ ድራማ ቢዛወር የሌላ ሰው ትግል ሆኖ እንደሚቀር ስለ ተረዱ፣ ትግሉን ወደ ጎን ትተው የሁለቱን ሰዎች የብዙ ዓመት የፍቅር ኑሮ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው ተረኩ። ሲኒማ ማድረግ የማይችለውን ትቶ፣ ጨዋታ ሊያቆምበት ያልቻለውን ስፍራ ያዘ።

ሆኖም በዚህ በተመሰገነ ሥራ ውስጥ እንኳ ያልተሻገረ ነገር አለ። በጨዋታው መጨረሻ ጆኤል የተባለው ባለታሪክ እንደ ልጁ የሚያያትን አንዲት ብላቴና ለማዳን ሲል ሰው ይገድላል። ተጫዋቹ ቢወድም ባይወድም ያንን ድርጊት በእጁ ካልፈጸመ ታሪኩ አይቀጥልም። «ይህን ማድረግ ይገባኝ ነበርን?» የሚለው ጥያቄም ከእርሱ ጋር ወደ ቤቱ ይገባል። ድራማውን የተመለከተ ሰው ግን «ጆኤል ይህን ማድረግ ይገባው ነበርን?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ጥያቄዎች ክቡር ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም።

በ2024 የቀረበው «ፎልአውት» ደግሞ ሌላ ብልሃት አሳየ። የጨዋታውን ታሪክ አልቀዳም፤ አዳዲስ ሰዎች ፈጠረ። ነገር ግን እያንዳንዱ ተጫዋች ያደረገውን ነገር፣ ማለትም ከምድር በታች ከተሠራው መጠለያ ወጥቶ የፈረሰውን ዓለም በአዲስ ዓይን ማየትን፣ ለአንዲት አዲስ ባለታሪክ ሰጣት። ታሪኩ ሌላ ነው፤ ድርጊቱ ግን ያው ነው።

ማሪዮም በ2023 በካርቱን ፊልም ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ሚያሞቶ ራሱ ከክሪስ መለዳንድሪ ጋር ፕሮዲዩሰር ሆኖ ሠራ፤ ፊልሙም ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሐያስያን በድርሰቱ ቀላልነት ላይ የነበራቸው አስተያየት የተለያየ ነበር። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ አንድ ሊታለፍ የማይገባው ትርኢት አለ። ልዕልቲቱ ማሪዮን በመሰናክል በተሞላ መንገድ ላይ ትፈትነዋለች፤ ይዘልላል፤ ይወድቃል፤ ደግሞ ይነሣል፤ ደግሞ ይወድቃል። ያ ልጆች በየቤታቸው ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው። በ1993 በጫማ ተተክቶ የነበረው የሰው ትጋት ከ30 ዓመት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ይህ ሲባል መንገዱ ለሁሉ ተገልጧል ማለት አይደለም። በ2024 የወጣው «ቦርደርላንድስ» ዕውቅ ተዋንያንና ብዙ ገንዘብ ይዞ፣ ከወጪው ሢሶውን እንኳ በቅጡ ሳይመልስ ቀርቷል። በ2025 ደግሞ ከ«ማይንክራፍት» የተሠራው ፊልም ከ900 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል፤ ጨዋታው ግን የተወሰነ ታሪክ የሌለው፣ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ቤት የሚሠራበት ነው። እንግዲህ የጨዋታው ታሪክ መኖርና አለመኖር የፊልሙን ዕድል እንደማይወስን ከዚህ በላይ ምስክር አያስፈልግም።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት ለፊልም ሠሪ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። መጽሐፍን ወደ መድረክ ለሚያወጣ መምህር፣ ተረትን ወደ ትምህርት መጽሐፍ ለሚያገባ የጽሕፈት ሰው፣ የአንዱን አገር ቅኔ ወደ ሌላው ቋንቋ ለሚመልስ ተርጓሚም ይሠራል። አንድን ሥራ ከተወለደበት ቤት ወደ ሌላ ቤት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ «ታሪኩ ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያገኘው ልብሱን ነው። «ይህ ሥራ ሰውን ምን ያደርገዋል?» ብሎ ቢጠይቅ ግን ልቡን ያገኛል። ልቡን ካገኘ በኋላ ልብሱን ቢለውጥ አይጎዳም፤ ልቡን ሳያገኝ ልብሱን ቢያሳምር ግን የሚያቀርበው፣ በሚወዱት ሰው ስም የሚጠራና እርሱን ያልሆነ እንግዳ ነው።